ጎሬ ላይ አንቴና ያዞርንበት ሳምንት

ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የቤተ ሙከራችን ሰዎች፣ በተለይ ከወሊሶ ወዲያ አገር ያለ የማይመስላችሁ፣ በየሻይ ሰዓቱ "እስቲ አውራን" እያላችሁ አፌን አደከማችሁት። ካወራሁ በኋላ ደግሞ "አበራ እኮ ነው የሚያወራው" ብላችሁ ግማሹን ትቀንሳላችሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ወረቀት ላይ የሰፈረን ነገር መቀነስ እንደ ሻይ ቤት ወሬ ቀላል አይደለም። ግዴላችሁም፣ እኔው ራሴ አስቀድሜ ሩቡን ቀንሻለሁ።

የጉዞው ምክንያት ሂሩት ናት። ሂሩትን ለማታውቁ፣ የዶክትሬት ተማሪያችን ናት፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ የማይክሮዌቭ አንቴና ስታምጥ የኖረች። እኔ ቆርቆሮ የምቆርጥላት፣ ብሎን የማጠብቅላት ቴክኒሻን ነኝ፤ አዋላጁ በሉኝ። አንቴና ማለት እንደ እጅ ባትሪ ነው። ብርሃኑ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ጥቂት ጥቂት ግን ወደ ጎን ያመልጠዋል። ወዴት አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚወጣ ክብ ወረቀት ላይ ሲሣል ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቅጠል፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ትንንሽ ጆሮዎች ይወጡለታል። ጆሮው የበዛ አንቴና እንደ ወሬኛ ጎረቤት ነው፤ በማያገባው ሁሉ ይገባል። የሂሩት አንቴና ኩራቱ ጆሮው ማነሱ ነው። ያውም ጉምና ዝናብ በማይለየው አገር፣ ኢሉባቦርን በመሰለ ቦታ፣ እርጥበት እንዳይበግረው ተብሎ ልባስ የለበሰ ነው።

ችግሩ፣ ለጆሮው ማነስ የሚመሰክረው ኮምፒውተር ብቻ መሆኑ ነው። የሂሩት ፈታኝ የሆኑት ፕሮፌሰር ሥዕሉን አዩና፣ ኮምፒውተር የነገሩትን ነው የሚደግመው አሉ። ለኢሉባቦር ሠራሁት ካልሽ ኢሉባቦር ወስደሽ ለኪው፤ በሚቀጥለው ሰኞ ሳምንት የተለካ ሥዕል ካላመጣሽ ምዕራፉን አውጪውና ሌላ ጻፊ። ሌላ ምዕራፍ ማለት ሌላ ዓመት ነው። ሌላ ዓመት ደግሞ ሂሩት የላትም፤ የትምህርት ፈቃዷ ሰኔ ላይ ያልቃል። ጣሪያችን ላይ ልንለካ ሞክረን እንደነበር ታውቃላችሁ። ዙሪያውን ፎቅ በቅሎበት፣ ሞገዱ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ተመልሶ እኛኑ ይመታናል። ስለዚህ ተነሣን።

እሑድ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሹፌራችን ግርማ ፒክአፑን አስነሥቶ ጠበቀን። የሂሩት አንቴና ኋላ ላይ በሦስት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኛ፤ እኔ ቤት እንኳ የምለብሰው አንዱን ነው። ሞገድ የሚተፋው ሌላኛው፣ እኛ "ቀንድ" የምንለው፣ የእኔ የእጅ ሥራ ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ከኋላው የጠበበ፣ ወደ አፉ እየሰፋ የሚሄድ፣ ክንድ ተኩል የሚረዝም። እሱን ሂሩት ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ወልቂጤ ድረስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋው ሄደች።

አንድ ኬላ ላይ ወጣት ጠባቂ መስኮቱን አንኳኳና ምንድን ነው ይሄ ብሎ ጠየቀ። ሂሩት "አንቴና" ልትል አፏን ስትከፍት ቀደምኳት፤ መስማት ለተሳናቸው በሬዎች የተሠራ መለከት ነው አልኩት። ጠባቂው አልሳቀም። ከመኪናው አውርዶን ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ አስፈታን፤ ግማሽ ሰዓት ሄደ። መኪናው ሲነሣ ሂሩት፣ ወደ ውጭ እያየች፣ "ጋሼ፣ ይቺን ሳምንት ብቻ" አለችኝ። ይቺን ሳምንት ብቻ ምን እንደሆነ ማብራራት አላስፈለጋትም።

ጊቤ በረሃ ወርደን ስንወጣ ላቤ እንደ ዝናብ ወረደ። ጅማ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ያደርንበት ፔንሲዮን አልጋው እንደ ጀልባ መሃሉ ጎድጓዳ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ልወጣ ሞክሬ ተውኩት። ቧንቧው ግን ሲከፍቱት ውሃ ይወርዳል፣ ሲዘጉት ይቆማል። እኔ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ስለሆነ፣ ሰው እያየኝ መሆኑን እስክረሳ ከፍቼ ዘጋሁት።

ሰኞ

ከአጋሮ በኋላ መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ጫካ ስላችሁ እንጦጦ ላይ ያለውን ባሕር ዛፍ እንዳታስቡ። እዚህ ዛፍ ላይ ዛፍ፣ እሱ ላይ ሐረግ፣ ሐረጉ ላይ ጦጣ ነው። ከሥሩ ቡናው አብቧል፤ ወሩ መጋቢት ነው፣ አበባው ነጭ፣ ሽታው መስኮት ዘግተውበት የሚገባ። ግርማ፣ አፍንጫው ሁልጊዜ የታፈነ ሰው፣ "የምን ሽቶ ተደፋ?" ብሎ ኋላውን ተመለከተ።

ከበደሌ አልፈን ያዮ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ። ጃኩ ስናወጣው እጀታ የለውም። እኛ ሰፈር ቢሆን ሰዎች ተሰብስበው ምክር ይሰጡን ነበር። እዚህ በመንገዱ ሲያልፉ የነበሩ አራት ሰዎች የያዙትን አስቀምጠው፣ ምንም ሳይሉ መኪናውን በእንጨት አነሡት፤ ጎማው ተቀይሮ ሲያልቅ የያዙትን አንሥተው ሄዱ። ግርማ ከኋላቸው "ገለቶማ!" አለ፤ ምስጋና ማለት ነው፤ ከኦሮምኛው ያለችው እሷ ብቻ ብትሆንም በትክክለኛው ቦታ አዋላት።

ሁሩሙ የገበያ ቀን ላይ ደረስን። ማር በገንቦ፣ ማር በጄሪካን፣ ማር በቅል። አንዲት ማር ሻጭ ሂሩት የታቀፈችውን ቀንድ ዙሪያውን እየዞረች አየችው። ከሰፊው አፍ ማሩን ብታፈስ በጠባቡ በኩል ወደ ጄሪካን እንዴት እንደሚወርድ በዓይኗ ለካችና ስንት ነው አለች። ሂሩት አይሸጥም አለቻት። ሴትዮዋ ዋጋ ጨመረች። ሂሩት ቀንዱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። በመጨረሻ ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ በዱባ ቅጠል የተጠቀለለ አንድ ቁራጭ የማር እንጀራ በነፃ ሰጠቻት፤ ልጅቷ በጣም የምትወደው ዕቃ ነው ብላ ሳታዝን አልቀረችም።

መቱ ከሰዓት በኋላ ገባን። ወዲያው የፈነዳውን ጎማ ለጥገና ስናወርድ የአንቴናው ማዞሪያ አንድ ብሎን መጥፋቱን አየን። ይህ ማዞሪያ የሕይወቴ ሥራ ነው፤ ከብስክሌት ጎማና ከአሮጌ ልብስ ስፌት መኪና ሠርቼዋለሁ፤ አንቴናውን ሁለት ሁለት ዲግሪ እያዞረ ያቆማል። ብሎን ፍለጋ ከገበያው ጫፍ ወዳለ የብረታ ብረት ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሐጂ ነስሩ ይባላሉ፤ አያታቸው ከጅማ በኩል በቅሎ ጭነው የመጡ፣ እርሳቸው እዚያው የተወለዱ፣ ነጭ ጺም ያላቸው ረጋ ያሉ ሰው። የብሎኑን ቀዳዳ በጣታቸው ለክተው ከሦስት መቶ ሣጥን ውስጥ አንዱን ሳይሳሳቱ ከፈቱ። ሥራችንን ጠየቁን። ሂሩት፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ በአጭሩ አስረዳቻቸው፤ ሁለት ፊት ለፊት የሚተያዩ ከፍታዎች፣ መሃላቸው ጥልቅ ሸለቆ፣ ፎቅ የሌለበት። ሐጂ ጺማቸውን ዳበሱና ቤቴ ጎሬ ነው አሉ፤ ከግቢዬ ኋላ ቡና የማሰጣበት ሜዳ አለ፣ ከሸለቆው ማዶ ያለው የጋዲሳ መሬት ነው፣ ጋዲሳ ወዳጄ ነው።

አልጋ ይዘናል አልናቸው። "አልጋው ራሱ ይተኛበት" አሉ፤ ነገሩ አለቀ።

ማክሰኞ

ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት። የድሮ ዋና ከተማነቷ ዛሬም አካሄዷ ላይ ያስታውቃል፤ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ፣ ደረቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄድባት። ጠዋት ከሐጂ ቤት በር ስንወጣ ከተማዋ የለችም፤ ጉም በልቷታል። በሦስት ሰዓት አንድ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ብቅ አለ፣ ቀጥሎ መስጊዱ፣ ቀጥሎ አንድ ሚኒባስ። እኛ ጋ ጠዋት ሲነጋ ሁሉም ነገር ባንዴ ይነጋል፤ እዚህ በተራ ነው።

የሐጂ ባለቤት እትዬ ሰዓዳ፣ ጾም መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው፣ ለሂሩትና ለእኔ በዘይት የተሠራ ለብቻ አቀረቡልን፤ የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ። ጎደሬ በልቼ አላውቅም ነበር። ድንች ነኝ ይላል፣ ነገር ግን ድንች ደርሶበት የማያውቅ ሥልጣን አለው። አምስት በላሁ፤ ስድስተኛውን አፍሬ ተውኩት።

አንቴናውን ሜዳው ላይ ተከልን። እኔና ግርማ ቀንዱን ይዘን ሸለቆውን በመኪና ዞረን ወደ ማዶ ሄድን። ኦቦ ጋዲሳ፣ ኦቦ እንደ "አቶ" ነው፣ ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጉልበታቸው እንደ ወጣት። ግቢያቸው መሃል አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ፤ በየቅርንጫፉ ረዣዥም ቀፎዎች ተጋድመውበታል። ቀንዱ ከመሬት በራቀ ቁጥር ልኬቱ ንጹሕ ስለሚሆን አንድ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ እንድናስረው ፈቀዱ። ሽቦውን በግንዱ አውርደን፣ ሞገድ የሚያመነጨውን ሣጥንና ባትሪውን ሥር ላይ አኖርን። ቀንዱን ማዶ ካለው አንቴና ጋር ዓይን ለዓይን ለማገናኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን። ስለዚህ ማታ ማታ ሣጥኑን ብቻ ይዘን ልንሄድ፣ ቀንዱን ግን እዚያው ልንተወው ተስማማን።

ሐጂ ሶር ፏፏቴን ሳታዩ አትሄዱም ብለው ነበር። ስለ ሶር በዚያ ሳምንት ሰባት ሰው ነገረኝ። ሳላየው ረጠብኩ።

ረቡዕ

የሥራው አሠራር እንዲህ ነው። ሂሩትና ግርማ ማዶ አንቴናውን ሁለት ዲግሪ ያዞራሉ፣ ሂሩት መለኪያውን አንብባ ትጽፋለች፣ እንደገና ሁለት ዲግሪ። እኔ ወዲህ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጬ በስልክ "በርቷል?" ስትለኝ "በርቷል" እላለሁ። የሃያ አምስት ዓመት ልምድ ያለው ሰው የተሰጠው ሥራ ይህ ነው። ቀኝ በኩል ያለው ግማሽ ክብ በሥርዓቱ ሄደ። በስልክ ድምፅዋ እየፈካ መጣ፤ የቀኝ ጆሮዎች ኮምፒውተሩ ካለው ጋር አንድ ናቸው።

እኔ ግን ተሰላቸሁ። ሥራ ፈት አፍ ምን እንደሚያመጣ ታውቃላችሁ። ቀትር ላይ ኦቦ ጋዲሳ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ወደ ቀንዱ ቀና ብለው አዩ። ምንድን ነው? እዚህ ላይ ሂሩት ያለችኝን ረሳሁት አልልም፤ አስታወስኩት። ግን ማዶ ናት።

"ዘመናዊ ቀፎ ነው" አልኳቸው። "እኔ ነኝ የሠራሁት። ንቡ ገና አልመጣም።"

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ቀንዱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ ሰው የጎረቤቱን ቀላል ልጅ እንደሚጠይቅ፣ አፉ ትንሽ አልሰፋም ወይ አሉኝ። አዲስ አሠራር ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ በዚያ አገር በሰው ቀፎ አይሳቅም። ቀፎ ሰቅሎ ንብ ያልመጣለት ሰው ያሳዝናል፤ ጎረቤት ሳይጠየቅ ያግዘዋል፣ ያገዘውንም አይነግረውም። እኔ ይህን የት አውቃለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደመናው ሲከብድ ሣጥኔን አንሥቼ ሄድኩ።

ሐሙስ

ጉሙ እጅ ሲዘረጋ እጅ አያሳይም። ኦቦ ጋዲሳ የሉም፤ ለቅሶ ሄደዋል ተባልኩ። ሽቦውን ከሣጥኑ አገናኘሁ፣ ወደ ላይ ቀና ብል ከዋንዛው የሚታየኝ ሦስት ክንድ ያህሉ ነው። የተረፈው ሰማይ ሆኗል። ሣጥኑ ሲበራ ሁሌም ትንሽ እም ይላል። የዚያን ቀን ጠንከር ያለ እምምታ ነበረው፤ እርጥበት ተስማምቶታል ብዬ ለሂሩት ዛሬስ እንደ ድመት እያንኮራፋ ነው አልኳት።

እሷ ግን ከመጀመሪያዋ ንባብ ጀምሮ ደስ አላላትም። ኃይሉ ወድቋል። አንዱን ማዕዘን ሦስት ጊዜ ለካችው፣ ሦስት የተለያየ መልስ። የግራ ጆሮዎች አንዴ ይጠፋሉ፣ አንዴ እንደ አህያ ጆሮ ይቆማሉ። ባትሪ ቀየርኩ። ሽቦ ፈታሁ፣ አሠርኩ። ግርማ ማዞሪያዬን ጠረጠረ፤ ያንን መቼም አልረሳለትም። እስከ ስምንት ሰዓት እንዲሁ ሄድን። ከዚያ በስልኩ፣ "አንቴናዬ ውሃ ጠጥቷል፣ ጋሼ" አለች። "ልባሱ ውስጥ ገብቶበታል። ፕሮፌሰሩ ልክ ነበሩ።"

ምንም አላልኩም። እኔ ምንም ያላልኩበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ልብ በሉልኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያንን ልባስ ስታጣብቅ፣ ስትልጥ፣ እንደገና ስታጣብቅ አይቻታለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ጉሙ ተገፈፈ። ኦቦ ጋዲሳ ከለቅሶ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ፣ ወደ ዋንዛው አዩ፣ ፊታቸው በራ። መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

"መጡልህ።"

ቀና አልኩ። የቀንዱ ሰፊ አፍ በቀርከሃ በተሠራ ክዳን ተከድኗል፣ ዙሪያው በአዛባ ተለስኗል፣ መሃሉ ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ተትታለች። በቀዳዳዋ ንብ ይወጣል፣ ንብ ይገባል። ስንት ንብ? ቁጥሩን ብነግራችሁ ትቀንሱታላችሁ። ኦቦ ጋዲሳ ረቡዕ እኔ እንደሄድኩ ወጥተው፣ ውስጡን ንብ በሚወደው ቅጠል አሽተው፣ አጥነው፣ ክዳን አበጅተውለት ወረዱ፤ ከጎረቤት ዛፍ ላይ ማደሪያ ሲፈልግ የዋለ መንጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ። ንብ ማለት በእኛ ሙያ የውሃ ከረጢት ነው፤ ያውም የሚንቀሳቀስ፤ ውሃ ደግሞ ሞገድ ይውጣል። ሂሩት ቀኑን ሙሉ የለካችው አንቴናዋን ሳይሆን የእኔን ቀልድ ነበር።

ግርማ በመኪና እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ሸለቆውን በእግር ወረድኩ፣ በእግር ወጣሁ። የአካባቢው ሰው በግማሽ ሰዓት የሚሄደውን በሁለት ሰዓት፣ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ትቼ። ሂሩት ቡና ማስጫው ላይ በበርጩማ ተቀምጣ ምዕራፉን ዘርግታ በእርሳስ እየሰረዘች ነበር። ሁለት ገጽ ሰርዛለች። እስትንፋሴ ሳይመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቀፎ ያልኩትን፣ ለምን እንዳልኩት፣ ንቡን። ስድብ ጠበቅኩ፤ ይገባኝ ነበር።

እርሳሱን አስቀመጠች። "ስለዚህ አንቴናዬ ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስታለቅስ መሰለኝ፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን ሳቅ መሆኑ ገባኝ። ግርማ ደግሞ ከወዲያ ማዞሪያዬን ይቅርታ ጠየቀው፤ እኔን አይደለም፣ ማዞሪያውን።

ቀኑ ሊመሽ ሲል ሦስታችንም ኦቦ ጋዲሳ ዘንድ ሄድን። ነገ ዓርብ ነው፤ የመጨረሻው የሥራ ቀናችን። እኚህን ሰው ፊት ለፊት ዋሽቻለሁ ብሎ መናገር ከሸለቆው ይከብዳል። ተናገርኩ። ሂሩትም የሥራዋን ነገር፣ ሰኞ የሚጠብቋትን ሰው ጨምራ አስረዳች። ኦቦ ጋዲሳ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ አንድ ነገር አሉኝ፦

"ቀፎ አይደለም ካልክ እሺ። ንቦቹ ግን አምነውሃል።"

ወዶ የገባ መንጋ አይባረርም አሉ፤ ነውር ነው። ግን በአግባቡ የተሰናዳ ቤት ካገኘ ይዛወራል። ዛሬ ማታ አዲስ ቀፎ አጥናለሁ አሉ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ ሳይለቃቸው እናዛውራለን። የቀንዱን ብሎን መፍታት የሚያውቀው ባለቤቱ ስለሆነ አብሮኝ ይወጣል። ባለቤቱ እኔ ነኝ። ክብደቴን ሳይጠይቁኝ ወሰኑ።

እዚያው አደርን። የኦቦ ጋዲሳ ባለቤት ትኩስ ቂጣ በማር ሰጡን፤ ማሩን ስበላ በዓይኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ ነበር። ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ታምቡር መታው፣ እኔም እንደ ሕፃን ተኛሁ። ቤቴ የጎረቤት ውሻ አንዴ ቢጮህ ሦስት ሰዓት የምገላበጥ ሰው ነኝ።

ዓርብ

ጎህ ሲቀድ በገመድ ወጣሁ። ከታች ግርማ ይገፋኛል፣ ከላይ ኦቦ ጋዲሳ ይስቡኛል፣ ዋንዛው ይታገሰኛል። እርሳቸው ያለ ጓንት ቅርንጫፍ ላይ ቆመው የሚጨስ ችቦ ይዘው እፍ ይላሉ። እኔ አራት ብሎን መፍታት ነበረብኝ። ሦስቱን በሰላም ፈታሁ። አራተኛው፣ እኔው በማክሰኞ ጉልበቴ ያጠበቅሁት፣ እምቢ አለ። ቁልፉ ሸርተት ብሎ ቀንዱን ሲመታው ውስጡ ያለው ሁሉ ነቃ።

ቀኝ ዓይኔ ላይ ሁለት፣ ከንፈሬ ላይ አንድ፣ ጆሮዬ ላይ አንድ። ኦቦ ጋዲሳ፣ አትወራጭ፣ ሰው መስለህ ቁም አሉኝ። ዛፍ መስዬ ቆምኩ። ብሎኑ ተፈታ። ቀንዱን በገመድ አወረድነው፣ እርሳቸው ክዳኑን ከፍተው አውራዋን ንብ ፈልገው ወደ አዲሱ ቀፎ አሳለፏት፣ የተረፈው ሁሉ እየተግተለተለ ተከተላት። አንድ ሰው ቤት ሲለውጥ እኛ ሰፈር ሦስት ቀንና ሁለት ጠብ ይፈጃል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ግን በሩብ ሰዓት ጓዙን ጠቅልሎ ገባ።

ቀንዱን በፈላ ውሃ አጠብነው። ንቦቹ የጀመሩትን ሰም ኦቦ ጋዲሳ በቢላ ፋቁልኝ። መልሰን ሰቀልን፤ ከአንቴናው ጋር ዓይን ለዓይን ማገናኘቱ፣ በአንድ ዓይን ስለሆነ የምሠራው፣ እስከ ስድስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሂሩት ከማዶ "በርቷል?" አለችኝ። "በርቷል" አልኩ፣ ከንፈሬ በፈቀደልኝ መጠን። ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። በስተ ምዕራብ ደመናው ተከምሯል። ግራውን ለካች፤ ለማረጋገጥ ቀኙን ደግማ ለካች። አንዱን ማዕዘን ሦስት ጊዜ፣ ሦስቱም አንድ። የመጨረሻዋን ንባብ ስትጽፍ ዝናቡ መጣ፤ አንቴናዋን በብርድ ልብስ ልትሸፍን ሮጠች፣ ከዚያ ቆም አለች። ለዝናብ የተሠራ ነው። ሳትሸፍነው አብራው ዝናብ ውስጥ ቆመች፤ መለኪያው ምንም አልተነቃነቀም። ይህን የነገረኝ ግርማ ነው፣ ግርማ ደግሞ አይጨምርም።

ማታ እትዬ ሰዓዳ ዓይኔን በሞቀ ጨርቅ እየያዙልኝ ሂሩት ሥዕሉን መብራት ሥር ሣለችው። ቅጠሉ ቅጠል ነው፤ ጆሮዎቹ ትንንሽ ናቸው። በግራ በኩል አንዱ ብቻ ኮምፒውተሩ ካለው ትንሽ ይበልጣል። እንደምንም ዝቅ ታደርገው ይሆን ብዬ በደህናው ዓይኔ ጠበቅኳት። እንዳለ ተወችው። ሐጂ መጥተው ከላይ አዩት፣ ይሄ ሁሉ ለዚህች ነው ወይ አሉ። ለዚህች ነው አለች።

ቅዳሜና እሑድ

ሲመለሱ መንገድ ያጥራል ይባላል፤ ፊቱ ያበጠ ሰው ግን አያጥርለትም። ኦቦ ጋዲሳ ለስንብት መጥተው ንቡ ሰላም ማደሩን ነገሩኝ። ቀፎው የእኔ መሆኑን፣ እርሳቸው እንደሚጠብቁት፣ ማሩ ሲደርስ እንደምንካፈል ቆርጠው ተናገሩ። መሬት በአዲስ አበባ የለኝም፤ በኢሉባቦር ግን ሠራተኞች አሉኝ። ያዮ ላይ ዝናብ፣ በደሌ ላይ ሽሮ፣ ጅማ ላይ ያው ጀልባ አልጋ። ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ነበር። ፊቴን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ አሳለፈን።

ሰኞ

ፕሮፌሰሩ ቢሮ አራት ሰዓት ገባን። ሂሩት የዓርቡን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የሐሙሱንም አስገብታለች፤ የተለካ ሁሉ ይቀርባል የሚል አቋም አላት። እርሳቸው ገጹን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። በግራ በኩል በልጣ የወጣችውን ጆሮ በጣታቸው ነኩ። ኮምፒውተሩ የሳተውን አግኝተሻል፣ ስለዚህ በእውነት ለክተሻል አሉ። ሂሩት እጇን ከጠረጴዛው በታች ስትጨብጥ አየሁ።

ከዚያ የሐሙሱ ገጽ ላይ ደረሱ። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦ የዚህ ቀን ልኬት የተዛባው ሞገድ አመንጪው ቀንድ ውስጥ የንብ መንጋ በመስፈሩ ነው።

መነጽራቸውን አውልቀው ቀጥታ እኔን አዩ። ሃያ ዓመት ያውቁኛል። "ይህን ቀልድህን ከወረቀቷ ውስጥ አውጣላት፣ አበራ።"

"የእሳቸው ቀልድ አይደለም" አለች ሂሩት። "የተለካ ነው። አላወጣውም።"

ፕሮፌሰሩ ያልተከፈተውን ዓይኔን አዩ፣ ከንፈሬን አዩ፣ ጆሮዬን አዩ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

"ስንት ነበሩ?"

አፌን ከፈትኩ። ቁጥሩ ምላሴ ላይ ነበር፤ ትልቅ፣ ያማረ፣ ክብ ቁጥር። ሂሩት ወደ እኔ ዞረች።

"አልቆጠርኳቸውም" አልኩ።

እስክሪብቶአቸውን አንሥተው ፈረሙ።